የጋሽ በላቸው ተራ ጉዳይ

ጋሽ በላቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ጎሮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ስልኬ ጮኸ፣ «አቤት» አልኩ። የደወለው ጎረቤታቸው «ጋሽ በላቸው ዛሬ ጠዋት…» ብሎ የቀረውን በሳግ ጨረሰው። እንባዬ መጣ። ከፊቴ ስምንት ሰው አለ፤ ከኋላዬ ደግሞ ጭራው ደብረ ብርሃን የሚደርስ ሕዝብ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ዘወር ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ግን ከሰልፉ አልወጣሁም። ሰው ሲራመድ እየተራመድኩ፣ ሲቆም እየቆምኩ እዚያው ቦታዬ ላይ አለቀስኩ። ከኋላዬ የቆመች ልጅ አዘነችልኝና ሶፍት አቀበለችኝ።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ። «ይመጣል እኮ ታክሲው!»

በዚህ ላይ ሳቄ መጣ። እንባና ሳቅ አንድ ፊት ላይ ሲጋፉ ፊቴ ራሱ የጠዋት ታክሲ በር ሳይመስል አልቀረም። ጋሽ በላቸው ቢያዩኝ ኖሮ «መጀመሪያ አልቅስ፤ ስትጨርስ ትስቃለህ። ምን ያጋፋሃል?» ይሉኝ ነበር።

ለማያውቃቸው ልንገር። ጋሽ በላቸው ፖለቲከኛ ነበሩ። ፖለቲከኛ ስል መስታወቱ የጠቆረ መኪና ያላቸው እንዳይመስላችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ከራሳቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። ያ ኮት በዕድሜ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም፤ አንዳንዴ አንቱ ልለው ምንም አይቀረኝም ነበር።

ስማቸው ደግሞ ለፖለቲካ ሰው የሚመከር አይደለም። በላቸው! «ላገልግላችሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ስሙ በላቸው ሲሆን፣ ሰው «ገና ሳይመረጡ?» ማለቱ አይቀርም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ቀድመው ይገላገሉታል። እጃቸውን ዘርግተው «በላቸው እባላለሁ። እስካሁን ማንንም አልበላሁም» ይላሉ።

እኔ ጎሮ አስፋልቱ ዳር ባነርና በራሪ ወረቀት የምሠራባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ጋሽ በላቸው ከአራብሳ በመጡበት ታክሲ ጎሮ ይወርዱና ወደ ኢምፔሪያል የሚሄደውን ከመያዛቸው በፊት የእኔ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትንሽ ያርፋሉ። ኢምፔሪያል የሚሄዱት ከድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ዳማ ለመጫወት ነው። እኔ ግን «ዳማውን ወደውት አይደለም፤ ‹ተራህ ነው› ለማለት ነው የሚሄዱት» እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። አይበሽቁም። «እሱንስ ማን ይጠላል?» ይላሉ።

የጋሽ በላቸው ፖለቲካ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ተራ። ተራ ማለት ወረፋ ነው። ለእሳቸው መንግሥት የሚባለው ነገር የተፈጠረው ሰው ወረፋውን ሳይነጠቅ እንዲደርሰው ነው፤ ይህን ካልሠራ ምን እንደሚሠራ አይገባቸውም። አንድ ቀን የጎሮው ተራ አስከባሪ፣ ያ ድምፁ ያለ ማይክ አያት ሰፈር ድረስ የሚሰማው ሰውዬ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አስቆማቸው።

«ጋሼ፣ ሊወዳደሩ ነው አሉ። ለምንድን ነው የሚወዳደሩት?»

«ለተራ አስከባሪነት።»

«እንዴ! ሥራችንን ሊቀሙን?»

«አንተ የታክሲውን ታስከብራለህ፤ እኔ የሆስፒታሉን፣ የወረዳውን፣ የውኃውን። ምክር ቤት ማለት ትልቅ ተራ አስከባሪ ነው የኔ ልጅ። የቀረው ጌጥ ነው።»

«እንግዲያው ፊሽካ ይግዙ!»

ቀልድ መስሎት ነው። ጋሽ በላቸው ግን የፊሽካውን ነገር ሦስት ቀን አስበውበታል።

መዝገብ ቤት ሳሉ የፈለሰፉት አንድ ሕግ ነበራቸው። አለቃ «ይህ ፋይል ይቅደም» የሚል ማስታወሻ ሲልክላቸው ከሥሩ «ከማን?» ብለው ጽፈው ይመልሱለታል። ማንን እንደሚቀድም ስሙ ይጻፍልኝ፤ ያለ ስም መቅደም የለም። ስሙን ለመጻፍ ደግሞ አለቃው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ማየት አለበት። ሲያይ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው አለ፤ ሕፃን ይዛ የምታባብል አለች። ያን ጊዜ እስክሪብቶው ይከብደዋል።

«በሥራ ዘመኔ ስም የጻፈልኝ አንድ አለቃ ብቻ ነው» አሉኝ። «እሱም የጻፈው የራሱን ነው። ጥያቄው አልገባውም።»

ይህንኑ ሕግ ጎሮ ሰልፍ ላይ ሲያውሉት በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ሠላሳ ሰው የቆመበትን ሰልፍ እንደ አጥር ዘሎ ከፊት ገባ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ አጉረመረመ። «ኧረ ሰልፍ አለ!» «ዓይን የለህም እንዴ ወንድሜ!» ልጁ አልሰማም፤ ማዳመጫው የተሠራው ለዚሁ ነው። ጋሽ በላቸው ሄደው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ና፣ ከቀደምካቸው ሰዎች ጋር ላስተዋውቅህ።»

«ምን?»

«ይቺ እኅትህ አልማዝ ትባላለች፤ አሁን ነው የጠየቅኳት። እንደምታያት ድንች ተሸክማለች። አልማዝ፣ የቀደመሽ ልጅ ይሄ ነው። ስምህ ማነው?»

«ሶሪ ፋዘር፣ ቸኩዬ ነው…»

«ስምህ ሶሪ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ «አቤል» አለና ጨበጣት። ቀጥሎ ያለውን ጨበጠ፤ ቀጥሎ ያለችውን ጨበጠ። የጨበጡትን ሰው መቅደም ደግሞ ከባድ ነው። ሰባተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ራሱ በፈቃዱ ወደ ጭራው መጓዝ ጀመረ፤ የአልማዝንም ድንች ወደ መኪናው አስገብቶላት ነው የሄደው። ቆይተው ተጋቡ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልማዝ ግን ባል አላት።

እንግዲህ ምርጫ ሲመጣ እኚህ ሰው በግል ሊወዳደሩ ተነሡ። የድጋፍ ፊርማ የሚያሰባስቡበትን ወረቀት የምሠራው እኔ ነኝ። ርዕሱን በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «የተራ ጉዳይ» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን እየተየብኩ፣ ሙዝ እየበላሁ፣ ከጎረቤቴ ጋር ስለ ኳስ እየተጨቃጨቅኩ ነበርና «የ»ዋን ዋጥኳት። ወረቀቱ በክምር ወጣ፤ ከላይ በትልልቁ «ተራ ጉዳይ»፤ ከሥሩ የጋሽ በላቸው ፎቶ፤ ከፎቶው ሥር «ድምፅዎን ይስጡኝ»።

ወረቀቱን አነሡ። አንድ ጊዜ አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

«ጋሽ በላቸው፣ ይማሩኝ፤ አሁኑኑ…»

«ተወው» አሉ። «ለተራ ሰው ስለ ተራ ጉዳይ ነው የምናገረው። እንዲያውም እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ከዚያ በኋላ አራብሳ ውስጥ ሰው እያስቆመ «ምርጫ ተራ ጉዳይ ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት?» ይላቸዋል። እሳቸውም ቆመው ያስረዳሉ፤ ያስፈርማሉ። ሳያነብ የፈረመ ሰው ካለ ወረቀቱን ይዘው ቤቱ ድረስ ይሄዱና አስነብበው እንደገና ያስፈርሙታል። በዚህ ምክንያት ሌላው ተወዳዳሪ በሳምንት የጨረሰውን ፊርማ እሳቸው እስከ መጨረሻው ቀን ይዘውት ቆዩ።

ሌላው ተወዳዳሪ አቶ ደምሴ ናቸው፤ እሳቸውም በግል። የእሳቸውንም ወረቀት የሠራሁት እኔው ነኝ። ያመጡልኝ ፎቶ የዛሬ ሃያ ዓመት የተነሡት ነው። «ትንሽ አለሳልሰው» አሉኝ፤ አለሳለስኩት። «ትንሽ ጨምርበት» አሉኝ፤ ጨመርኩበት። ጨርሼ ሳየው ለማትሪክ የሚቀመጥ ልጅ መሰሉ። በላዩ ላይ «ወጣት ጉልበት፣ አዲስ ራዕይ» የሚል አስጻፉ።

በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ነዋሪው ሁለቱንም ጠርቶ ያነጋገራቸው ቀን አቶ ደምሴ ጠረጴዛ እየደበደቡ ነው የተናገሩት።

«ብሔራዊ እሴታችን እንግዳ ተቀባይነታችን ነው! መከባበራችን ነው! ጀግንነታችን ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት ጋሽ በላቸው ነበሩ። ከዚያ ተነሡ።

«አቶ ደምሴ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ እጁን አስታጥበን፣ ‹በሞቴ› ብለን፣ ለምነን እናጎርሳለን። ያንኑ እንግዳ በማግስቱ ታክሲ ላይ ስናገኘው ጎኑን በክርን እንለዋለን። እሴታችን የት ሄደ? ቤት ረስተነው ወጣን? እኔ የምለው ስንወጣ ይዘነው እንውጣ ነው።»

«ፕሮግራምዎ ምንድን ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሁለት አንቀጽ ነው። አንቀጽ አንድ፣ ‹ተሰለፍ›። አንቀጽ ሁለት፣ ‹ኖር›። ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ‹ኖር!› ብሎ ይነሣለታል፤ የገባውም ‹በእግዜር!› ይላል። ማንም ማንንም አልገፋም። ተራ ሲነጠቅ ውርደት ነው፤ በፈቃድ ሲሰጥ ግን ክብር ነው። ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልጅ ላዘለች ሰልፍ ላይም ‹ኖር› ይባልልኝ።»

«አንቀጽ ሦስትስ?»

«እስካሁን አላስፈለገኝም።»

በአገራችን ታሪክ ከዚህ ያጠረ ፕሮግራም አልተጻፈም፤ ተጽፎም ከሆነ ለእኔ አላሳተሙም።

የዕጩዎች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ፊርማውን የያዘውን ክላሰር ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ኮቱን ተኩሰውታል። በታክሲው ውስጥ «ምክር ቤት ገብቼ ‹ከማን?› ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ይበቃኛል» አሉኝ። እየሳቁ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ቁጭ ብለው ሲያስቡት የኖሩት ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ አስፋልት ወጥቷል፤ ሁሉም እንደ እኛ የመጨረሻውን ቀን የጠበቀ ነው። ከቀትር በፊት ጀምረን ቆመን ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አራተኛ ደረስን። ከኋላችን የቆመችው ወይዘሮ ጽጌ የምትባል፣ ጎሮ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ሴት ናት፤ እሷም ልትመዘገብ ነው የመጣችው። ሰዓቴን አየሁ፤ እንደርሳለን። ልቤ ተረጋጋ።

ይኼኔ አቶ ደምሴ በከዘራ እያነከሱ መጡ።

«እባካችሁ ልጆቼ፣ ሽማግሌ ነኝ፤ መቆም አልችልም…»

«ልጆቼ» ካሏቸው ግማሾቹ ታላላቆቻቸው ነበሩ። እኔ አላስቻለኝም።

«አቶ ደምሴ፣ ‹ወጣት ጉልበት› አልነበሩም እንዴ?»

«እሱን ነው እኮ ያመመኝ ልጄ!» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ።

ጋሽ በላቸው ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ኖር!» አሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

«በእግዜር! በእግዜር!» አሉ አቶ ደምሴ፤ ላመል እያነከሱ ገቡ።

«ጋሽ በላቸው» አልኩ በሹክሹክታ «የከዘራው ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም!»

«አይቻለሁ። አረጀሁ ያለን ሰው መታወቂያ አልጠይቅም። አንዴ ከጠየቅኩ እውነተኛው ሽማግሌ ሁሉ ሲጠየቅ ሊኖር ነው።»

ይህንንም ዋጥኩ። ያልተዋጠው ለወይዘሮ ጽጌ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ‹ኖር› ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነው ታዲያ የተነሣው?»

ጋሽ በላቸው ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ።

«እርስዎ አንድ ወደ ኋላ ሲሉ እኔም አንድ ወደ ኋላ አልኩ። ከእኔ በኋላ ያለውም፣ እዚያ አስፋልት ላይ ያለውም። ሁላችንንም ሳይጠይቁን አስነሡን። ‹ኖር› ያለ ሰው የራሱን ወንበር ይለቃል እንጂ የሌላውን ያስለቅቃል?»

የጋሽ በላቸው ፊት ፋይል የጠፋበት መዝገብ ቤት መሰለ። አቶ ደምሴን አዩ፤ ወይዘሮ ጽጌን አዩ፤ ዞር ብለው ከበስተኋላ የቆመውን ሕዝብ አንድ በአንድ አዩ።

«‹ከማን?› ብዬ አልጠየቅኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ነሽ። ቦታዬን እሳቸው ይያዙ፤ አንቺ ወደ ቦታሽ ተመለሺ።»

ክላሰሩን ከእጄ ወስደው ወደ ጭራው መሄድ ጀመሩ።

«ጋሽ በላቸው! ሊዘጋ ነው እኮ!»

«ሰዓት አለኝ።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ፈርሞልዎታል!»

«የፈረመው ለወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ምን ይላል?»

«‹ተራ ጉዳይ› ይላል!»

«እኮ!»

ወይዘሮ ጽጌ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ኧረ ይመለሱ! ነገሩን ለማለት ያህል ነው እንጂ…»

«ልክ የሆነ ነገር ተናግረሽ አትፈሪ» አሏት ዞር ሳይሉ፤ ከግቢው ወጡ።

አቶ ደምሴ ተመዘገቡ። ወይዘሮ ጽጌም ተመዘገበች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ወጥቶ «አብቅቷል» አለ። ጋሽ በላቸው ገና የግቢውን በር እንኳ አልደረሱም ነበር። ሌላው ሲጮኽ፣ ሲለምን፣ በሩን ሲደበድብ እሳቸው ክላሰሩን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። በኮታቸው ውስጥ ትንሽ ሲያንሱ አየሁ። እኔ ከአቶ ደምሴ ከዘራ ጀምሬ «የ»ዋን እስካስዋጠኝ ሙዝ ድረስ ሁሉንም ረገምኩ። በመልሱ ታክሲ ጎሮ ልንወርድ ስንል ክንዴን ያዙኝ።

«አንቀጽ ሦስት ተገኘ» አሉ። «‹ኖር ያለ ራሱ ይነሣል።› ነገ ትጨምርልኛለህ?»

«ለምን ብዬ? ተወዳዳሪ አይደሉም እኮ አሁን!»

«የቀረው ተወዳዳሪው ነው። ጉዳዩ መች ቀረ?»

ፊታቸው በርቶ ነበር። እመኑኝ፣ እኚህ ሰው ከምክር ቤት ወንበርና ከአንድ የተስተካከለ ሕግ ይምረጡ ቢባሉ ወንበሩን ለዘበኛው ሰጥተው ይሄዱ ነበር።

በማግስቱ ጀምረው የፈረሙላቸውን ሰዎች በር በር እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። የተቆጣ አለ፤ የሳቀ ይበዛል። አንዲት እናትማ «ተራ አስከብረው ነው የተሸነፉት? እንግዲያው አሸንፈዋል» ብለው መረቋቸው። ወይዘሮ ጽጌ በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጣች። ያንን ወረቀት፣ ሦስተኛው አንቀጽ የተጨመረበትን፣ የራሷን ስም አድርጌ እንዳትምላት ጠየቀችኝ። ጋሽ በላቸው ፈቀዱ፤ «ርዕሱን ግን አታስተካክለው» ብለው አስጠነቀቁኝ።

የአቶ ደምሴን የሰልፍ ወሬ ደግሞ ያልሰማ ሰው አልተገኘም። ቅስቀሳ በወጡበት ሁሉ ሰው ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ኖር!» እያለ ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። ካፌ ሲገቡ ካፌው በሙሉ ይነሣል። ታክሲ ሲገቡ ሹፌሩ ሁሉ ሊነሣ ይሞክራል። በመጨረሻ እሳቸውም በራሳቸው መሳቅ ጀመሩ፤ ዛሬ ፀጉራቸውን ቀለም መቀባት ትተዋል፤ ያምርባቸዋል።

ወይዘሮ ጽጌ ተመረጠች። ውጤቱ በታወቀ ሳምንት አራቱን ፎቅ ወጥታ ጋሽ በላቸው ቤት መጣች፤ እኔም ነበርኩ። አዲስ ደብተር ይዛለች። እያለከለከች ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህ ወንበር የእርስዎ ነበር። የመጀመሪያውን ሥራዬን እርስዎ ይዘዙኝ። ምን ላድርግልዎ?»

ጋሽ በላቸው ብዙ አሰቡ። እኔም ጆሮዬን አቀናሁ።

«ከእኔ በፊት የጠየቀሽ ሰው የለም?»

«አሉ… እታች መግቢያው ላይ አንዲት እናት ስለ ውኃው ያዙኝ። ‹ስመለስ› ብያቸው ነው።»

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውረጂ እንጂ!»

ወረደች። እኚያ እናት ከጎረቤታቸው ጋር አገናኟት፤ ጎረቤትየው ከላይኛው ፎቅ ጋር፤ ላይኛው ከሚቀጥለው ብሎክ ጋር። አራብሳን በር በር ስትዞር ከረመች። ሰው ሲያያት ሻይ ያፈላላታል፤ አንዷ ጋ የጠጣችው ሻይ ሳይወርድ ሌላዋ ትጠራታለች። ተመልሳ አራተኛ ፎቅ የደረሰችው ዝናቡ ሲገባ ነው። ደብተሩ አልቆ ጠርዙ ላይ ሁሉ ተጽፎበታል።

«ጋሼ» አለች «ከእርስዎ በፊት የቀረ ሰው የለም። እርስዎ ነዎት አሁን።»

ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን አደረጉ። ደብተሩን ተቀብለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ውኃ። የደረጃ መብራት። የጠዋቱ ታክሲ። የጤና ጣቢያው ወረፋ። አንዲት ሴት «ወረዳ ስሄድ በስሜ ይጥሩኝ» ብላ አስጽፋለች፤ እሷ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። አንድ ሰዓት ያህል አነበቡ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ንግግር አሁን ሊወጣ ነው ብዬ በስልኬ ልቀርጻቸው ተዘጋጀሁ።

ደብተሩን ዘግተው መለሱላት።

«የምጠይቀው አልቀረልኝም» አሉ እየሳቁ። «የቀደሙኝ ሁሉ ጠይቀውልኛል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህማ አይሆንም! በስምዎ ምን ብዬ ልጻፍ?» እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች።

ጋሽ በላቸው በሩን በጣታቸው አመለከቷት።

«‹ቀጣይ!› በይ።»